የጣውንቴ ብናኝ

ባሌ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር ጣውንት መጣችብኝ። ያመጣችብኝ ደግሞ የገዛ ልጄ ናት። ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃችን «አባዬ እቤት ተቀምጦ እንዳይደብተው» ብላ ገዝታ በአውቶቡስ ላከችለት፤ እሱም መናኸሪያ ድረስ ሄዶ በሁለት እጁ አቅፎ ይዟት ገባ። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳራችን እኔን እንዲያ አቅፎኝ በሰው ፊት አልፎ አያውቅም። ከእጅ ባትሪ ብዙም የማትበልጥ፣ ጫፏ ላይ ጥርሳም ብረት የሚሰካባት፣ መብራት ስታገኝ እንደተቆጣ ቀፎ የምትጮህ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ናት።

እሱ «ማሽኗ» ይላታል። እኔ ጣውንቴ እላታለሁ። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጎበኘው እሷን ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚያዝነው ለእሷ ነው፤ መብራቱ የመጣ እንደሆን ምሳውን ጥሎ ይነሳል። አንድ ቀን የጎረሰውን ሳይውጥ ሄዷል።

ሰውዬው የስማዳ ሰው ነው። ከወገዳ ማዶ ከገበሬ ቤት ተወልዶ፣ ተምሮ፣ እዚህ መካነ ኢየሱስ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ፀጉሩን አሸበተ። ቢላዋና መሮ ግን ከእጁ ተለይተው አያውቁም። ስብሰባ ላይ ሳይቀር ከጠረጴዛ ሥር እንጨት ይፍቃል እያሉ ባልደረቦቹ ያሙት ነበር። ማንኪያ ይሠራል፣ የመቋሚያ ራስ ይሠራል፣ ከሁሉ በላይ የእጅ መስቀል ይቀርጻል፤ ሽጦ አያውቅም፣ ለሰው ይሰጣል። ያን ጊዜ ቅሬታ አልነበረኝም። ቢላዋ የሚያወጣው ፍቅፋቂ እግሩ ሥር ይወድቃል፣ እኔም ጠርጌ እሳት አያይዝበታለሁ። ማሽኗ ግን ሌላ ናት። ቢላዋ እንጨትን ይልጣል፤ እሷ ትፈጨዋለች። ስለ መፍጨት ደግሞ ለእኔ የሚነግረኝ የለም፤ አባቴ አርብ ገበያ የወፍጮ ቤት ሰው ነበር።

ወርክሾፕ ብሎ የሰየማት ልጃችን ታድርባት የነበረችውን ክፍል ነው። በሯ ወደ ሳሎን፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጃችን ግድግዳው ላይ የለጠፈቻቸው የምስክር ወረቀቶች አልነበብ አሉ። ብናኙ በበሩ ሥር እየሾለከ ሳሎን ገባ፤ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ የሰርጋችን ፎቶ ላይ ወጣና እኔን ሸፍኖ እሱን ተወው። ይህን ስነግረው ቀረብ ብሎ አየና «እውነትም» ብሎ ጠረገልኝ፤ ሳቁን ግን መዋጥ አልቻለም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ አሉ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ በጠላ ጠመቃቸው ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው። ሽሮ አቀረብኩላቸው። ሁለት ጊዜ ጎርሰው ቆም አሉና ይህች ሽሮ ምን ቅመም እንዳላት ጠየቁኝ። ባሌ የሚቀርጸው የወይራ ብናኝ ናት ማለት አቃተኝ። የእናቴ ሙያ ነው ብዬ አለፍኩት፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና አትሰማኝም።

እሱን ሳማርር መልሱ አንድ ነው፤ እንጨት ንጹሕ ነገር ነው፣ ቆሻሻ አይባልም፣ ተይው።

ነገሩ የጽዳት ብቻ ቢሆን አንድ ቀን ስቄ አንድ ቀን ተሳድቤ እኖር ነበር። ያስፈራኝ ሳሉ ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ጠዋት ጠዋት መሳል ጀመረ፤ ደረቅ፣ አክታ የሌለው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ የሚቆም ሳል። ይህን ሳል አውቀዋለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ቆሞ ሲውል ማታ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ይገባ ነበርና እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። በኋላ ሳሉ መጣ። ከዚያ ትንፋሹ አጠረ፤ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን መንገድ ሦስት ቦታ ተቀምጦ የሚጨርስ ሰው ሆነ። መጨረሻ ላይ ጋደም ማለት አቅቶት፣ ግድግዳ ተደግፎ እንደተቀመጠ ነው ያረፈው። ዱቄት ገደለው ያለ ሐኪም የለም፤ እኔ ግን እላለሁ። ባሌን ደግሞ እወደዋለሁ። ይህን ለእሱ በአፌ ነግሬው አላውቅም፤ በእኛ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ያሳፍራል። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ሳንባውን ለእንጨት ዱቄት አልሰጥም ብዬ ቆረጥኩ።

የመጀመሪያው መላ የእኔ ነበር። ቤት ስንጠርግ አቧራው እንዳይነሳ ውኃ አርከፍክፈን አይደል? አንድ ጣሳ ውኃ ይዤ ገባሁና እሱ ሲቀርጽ ወለሉን አርከፈከፍኩት። የማሽኗ ሽቦ መሬት ላይ ተጋድሞ ኖሯል። በርጩማው ላይ ዘሎ የወጣበትን ፍጥነት ያየ ሰው ጡረተኛ ነው ብሎ አያምንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ ይዤ በዚያ በር እንዳላልፍ ተከለከልኩ። ትክክል ነበር፤ አልተከራከርኩም።

ቀጥሎ የእሱ ተራ ሆነ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ስማዳ ወንድሞቹ ዘንድ ለውቂያ ሄዶ፣ ሦስት ቀን መንሽ ይዞ ምርት ሲያዘራ ሰንብቶ፣ ፊቱ ፈክቶ ተመለሰ። አሁን ገባኝ አለኝ። አውድማ ላይ የሚያዘራ ሰው ጀርባውን ለነፋስ ከሰጠ እብቁ ወደፊት ይሄድለታል፣ እሱም ንጹሕ ሆኖ ይገባል፤ አባቱም አያቱም እንዲህ ነው የኖሩት። እኛ ቤት የጎደለው ነፋስ ብቻ ነው። በማግስቱ ከገበያ ቬንትሌተር ገዝቶ መጣና ከበርጩማው ጀርባ አቆመው። መስኮቱን ግን ብርድ ይገባል ብሎ ዘጋው።

አውድማ ግድግዳ የለውም። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ሲመክር ለኖረ ባለሙያ ግን አልታየውም። እኔ ሳሎን ሆኜ ልብስ አጣጥፍ ነበር። መጀመሪያ ቬንትሌተሩ ተነሳ፣ ከዚያ ጣውንቴ ጮኸች፣ ከዚያ ማስነጠስ፣ ከዚያ ያ ሳል። በሩ ተከፈተና ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አንድ ቀለም የሆነ ሰው ወጣ። ብናኙ ወደፊት ሄዶ፣ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ፣ በጣሪያው ሥር ዞሮ ከነጓዙ ፊቱ ላይ ተመልሶ ነው። ዓይኑን እያሸ ነፋሱ አንሶት ይሆናል አለ። ከሰዓት በኋላ ፍጥነቱን ጨምሮ ደገመው።

ያን ቀን በጣም ሳቅሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ግን ግድግዳውን በአንድ እጁ ተደግፎ ሳለ፤ የአባቴ አቋቋም ነው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር አላወቀብኝም።

ጓሮ አውጥቼ እሠራለሁ አለ። እሺ አልኩ። እውነተኛ ነፋስ፣ ጀርባው ለነፋስ፣ ሁሉም እንደ አባቶቹ ሥርዓት። ብናኙ እንደተባለው ወደፊት ሄደ፤ አጥሩን ተሻገረና ጎረቤታችን ያሰጡት ብቅል ላይ አረፈ። እትዬ ብሎ ይቅርታ ሊጠይቃቸው አጥር ሥር ቆሞ ሲለማመጥ ያየሁት ቀን ለትዳሬ ትልቅ ቀን ነው። እሳቸው ተቆጥተው ብቅሉን አራገፉ፣ አበጠሩ፣ አልወጣ ቢላቸው እንዳለ ጠመቁት። ጠላው ሲደርስ ጋኑን በወይራ አጥነው የጠመቁት ይመስላል ተብሎ ተመሰገነ። ምስጋናውን እሳቸው ወሰዱ፤ እኛን ግን ይቅር አላሉንም፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር አንገታቸውን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርገው ያዩን ጀመር። ስለዚህ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

መላው የመጣልኝ ጥር ላይ፣ እህል ላስፈጭ ሄጄ ተራ ስጠብቅ ነው። ወፍጮው ዱቄቱን በሚያወርድበት አፍ ላይ እንደ እጅጌ ያለ ረጅም ጨርቅ ታስሯል። ያ ጨርቅ ባይኖር ግማሹ ዱቄት ጣሪያ ላይ ይቀራል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ ስንቱን እጅጌ ከእናቴ ጋር ሰፍቻለሁ። ምን ሆኜ እስከዚያን ቀን እንዳልታየኝ አላውቅም። ተራዬ ደርሶ ስጠራ አልሰማሁም፤ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ገፍተው ነው የቀሰቀሱኝ።

ከገበያ ሰባት ክንድ አቡጀዲ ገዛሁ። እሱን የማዘው ነገር ስለተገኘ ደስ እያለኝ አዘዝኩት፤ ከመስኮቱ አንዱን መስታወት እንዲያወጣ፣ ክፍቱን በጣውላ ዘግቶ ቬንትሌተሩ ልክ እንዲገባበት እንዲቀድድ፣ ቬንትሌተሩንም ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲነፋ አዙሮ እንዲሰካው። ከውስጥ በኩል አፉን የከፈተ ካርቶን አስጠጋንበት፤ እሱ እጁን ከካርቶኑ አፍ ላይ አድርጎ ይቀርጻል። ከውጭ በኩል እኔ የሰፋሁት እጅጌ ታስሮ ጓሮ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጫፉ በሲባጎ ይቋጠራል። መስኮቱን ዘግቶ ነፋስ ከማምጣት፣ ነፋሱን ራሱን ማስወጣት ማለት ነው።

ቬንትሌተሩ ሲነሳ እጅጌው ተነፋና ጓሮው ላይ ተጋደመ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አይተው አማተቡ። ክፍሉ ውስጥ ግን የመብራቱን ጨረር ተከትዬ ሳየው አየሩ ጠርቷል፤ ብናኙ ከጣቶቹ ሥር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ካርቶኑ ይገባል። ባሌ ማሽኗን አጥፍቶ እጁን በካርቶኑ አፍ ላይ አሳለፈ። ከዚያ አባትሽ ምንኛ ብልህ ሰው ነበር አለኝ። እኔን ማመስገን መሆኑ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጅጌው የእኔ ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጓሮ እወጣለሁ፣ ሲባጎውን እፈታለሁ፣ የሞላውን ሰጋቱራ አጥሩ ሥር እገለብጣለሁ፤ ጨርቁ ላይ የቀረውን ደግሞ ሁለቱን ጫፍ ይዤ ደጋግሜ አራግፈዋለሁ። ወፍጮ ቤት የልጅነት ሥራዬ ነበር፤ ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም። እያራገፍኩ አንጎራጉራለሁ። ልጃችን ስትደውል ጉንፋን ይዞሻል ወይ እያለች ትጠይቀኛለች፤ በርበሬ ስደልዝ ውዬ ነው እላታለሁ። እውነትም አንዳንድ ቀን በርበሬ እደልዛለሁ።

የእሱ ሳል ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። እጅጌው አብዛኛውን ይወስዳል እንጂ ሁሉን አይወስድም፤ በተለይ ቀና ብሎ ሥራውን እፍ ሲል። ይህን እፍ ማለት ከቢላዋ ዘመን ያመጣው አመል ነው፤ ብናኙን ከመስቀሉ ሐረግ ጥልፍልፍ ውስጥ እፍ ብሎ አውጥቶ ወዲያው መልሶ ይስበዋል። ልጃችን አንድ እሽግ ማስክ ላከች። አላደርግም አለ። ያፍነዋል፣ መነጽሩን ላብ ያለብስበታል። ሲከፋው ደግሞ ይህን ተናገረኝ፤

«እኛ አውድማ የበሬ አፍ እንኳ አይታሰርም፤ አንች ግን የባልሽን አፍ ልታስሪ ነው።»

ስለ ሳንባ ነገርኩት፣ ስለ አባቴ ነገርኩት። ይሰማኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ማስኩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይቀርጻል።

እንዲህ እያልን ሁዳዴ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ሁለታችንም ቆራቢ ነን። ባሌ በሌላው ነገር ሁሉ ቸልተኛ ቢሆንም በጾም ቀልድ አያውቅም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም፣ ሊቆርብ በተዘጋጀበት ጠዋት መንገድ ላይ ዝንብ አፉ ገብታበት ተመልሶ ከውጭ ቆሞ ያስቀደሰ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ይቀርጸው የነበረው የነፍስ አባታችንን መስቀል ነበር። የሽማግሌው መስቀል አንድ ክንፉ ተሰብሮ ስለነበር ለፋሲካ በአዲስ እንዲያሳልሙበት ቃል ገብቶላቸዋል።

እኔም ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ተሳለምኩና ጉዳዬን አቀረብኩ። ጾመኛ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ የእንጨት ብናኝ ባፉ ቢገባና ቢውጠው ጾሙ ይፈርስበታል ወይ አልኳቸው። ማን ነው እንጨት የሚበላው አሉኝ። መስቀልዎን የሚሠራልዎት ሰው ነው ስላቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ አሰቡበት፤ እሳቸው ቀላል ነገርም ቢሆን ሳያስቡ አይመልሱም።

«እንጨት እህል አይደለም፤ ሳያውቅ የገባበት ዕዳ የለበትም» አሉ። «እያወቀ አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ ግን እሱ ለራሱ ይወቅበት።»

እኔም ቤት እስክደርስ የመጀመሪያውን ግማሽ መንገድ ላይ ጣልኩትና ሁለተኛውን ብቻ ይዤ ገባሁ። ባሌ ሰምቶ ቀለሙ ተለወጠ። ምን ያህል ቀን ሆነ ብሎ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። በማግስቱ ጠዋት ጠርቼው ስገባ ማስኩን አፍንጫው ላይ አጥብቆ፣ መነጽሩ ላብ ለብሶ፣ ጥርሳሙን ብረት በወይራው ላይ ቀስ አድርጎ ያስሄዳል። ለሳንባው ያልፈራውን ለጾሙ ፈራ። ኀጢአቴን ለነፍስ አባቴ መናዘዝ ነበረብኝ፤ ግን በዚያው ጉዳይ እንዴት ተመልሼ እሄዳለሁ? ለፋሲካ ማግስት አቆየሁት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳሉ ጠፋ። ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን አቅንቼ እጠብቃለሁ፤ ምንም የለም። እንደ እኔ ያለ ደስተኛ ሰው በኢስቴ ወረዳ አልነበረም። ቢሆንም ልቤ እንዲያርፍ ደረቱን የሚያይለት ሰው ፈለግሁና ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት ጤና ጣቢያ ካልሄድን ብዬ ነዘነዝኩት። ባጃጅ ይዘን ሄድን። የተቀበለን ወጣት ባለሙያ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ፤ መምህርት ሳለሁ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያሰቃየሁት ልጅ ነው። ቲቸር ብሎ ወንበር ሰጠኝ።

ባሌን ጀርባውን አስገልጦ ቦታ እየቀያየረ አዳመጠው። እኔ እያንዳንዱን ነገር አስረዳሁት፤ ማሽኗን፣ ቬንትሌተሩን፣ እጅጌውን፣ ማስኩን። ሳስረዳ ጉሮሮዬን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረግሁ። ልጁ የባሌ ደረት ደህና ነው፣ ጥንቃቄውን ይቀጥል አለና ወደ እኔ ዞረ። ሳሉ ከጀመረኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀኝ። የታመምኩት እኔ አይደለሁም፣ ሳል ያለበት እሱ ነው አልኩት፤ ይህንኑ ስል መሐሉ ላይ ሳልሁ።

«ቲቸር» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ የምሰማው የእርስዎን ነው።»

በረጅሙ አስተነፈሰኝ፣ ይያዙት አለኝ፣ ይልቀቁት አለኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ አቁሜው የዋልኩትን ቀን ሁሉ ከፈለኝ። ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝና ነገርኩት፤ ልጅነቴ ወፍጮ ቤት፣ ጉልምስናዬ ከጠመኔ ጋር። አሁንስ ሲለኝ የመለሰለት ባሌ ነው። እጅጌውን ማን እንደሚያራግፍ ነገረው፤ በየቀኑ፣ ያለ ምንም መሸፈኛ፣ ከነማንጎራጎሯ። እሱ ማስክ ለብሶ በሰባት ክንድ ጨርቅ ያስወጣውን ሁሉ እኔ ጓሮ ላይ ቆሜ እስበው ኖሯል። ልጁ መድኃኒት ጻፈልኝ፣ ደረትዎ ተቆጥቷል፣ ከብናኝ ከራቁ ይመለሳል፣ ካልራቁ ግን እንጃ አለኝ። ያቺን እንጃ ባሌ ሲሰማት አየሁት።

እቤት ስንደርስ ቀጥ ብሎ ክፍሉ ገባ፤ ቬንትሌተሩን ነቀለ፣ እጅጌውን ከነብናኙ ጠቅልሎ በላስቲክ አሰረ፣ ጣውንቴን በመጣችበት ካርቶን ውስጥ መልሶ አልጋ ሥር ከተታት። ያላለቀውን መስቀል መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። እኔ ስንት ወር በሳንባው ለምኜው፣ በአባቴ ነፍስ ለምኜው፣ በጾሙ አታልዬው ያልሆነውን በአንድ ከሰዓት በኋላ አደረገው።

ፋሲካ አለፈ። ነፍስ አባታችን በተሰበረው መስቀል አሳለሙን፤ አልጠየቁንም። ሳሌ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ቤቱ ከምን ጊዜውም በላይ ጸዳ፤ የሰርጉ ፎቶ ላይ ሁለታችንም እንታያለን። ባሌ ግን በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ጠዋት ወንበሩን ያወጣል፣ ጥላው ሲመጣ ወንበሩን ያዞራል፣ እንደገና ጥላው ሲመጣ ያስገባል። ቢላዋውን እንኳ አላነሳም። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ቀና ብሎ አላየም። ሦስት ሳምንት ታገሥኩ። ጣውንቷ የወጣችላት ሴት እልል ትላለች ይባላል፤ እኔ አልቻልኩም።

አንድ ጠዋት ከአጠገቡ ተቀመጥኩና ደረቴ ደህና መሆኑን ነገርኩት፤ ተማሪዬ ሁለተኛ አይቶኝ አረጋግጦልኛል። ሥራህን ጀምር አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። መስቀሉን ጨርስላቸው እንጂ፣ ሽማግሌው ተስፋ አድርገዋል ስለው ዘወር ብሎ አየኝ።

«ባንች ትንፋሽ የተሠራ መስቀል ማን ይሳለመዋል?» አለኝ።

እኔም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩት። ሳንባህን እጠብቃለሁ ብዬ አንተን ላጣህ ነው አልኩት። በረንዳ ላይ እንዲህ ተጎልተህ ከማይህ ብናኝህን ብጠርግ ይሻለኛል፣ እወድሃለሁ አልኩት። ሁለታችንም አፈርን። እሱ ጫማውን አየ፣ እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ነበሩ መሰለኝ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገቡ።

በማግስቱ ጣውንቴ ከአልጋ ሥር ወጣች። ደንቡን አሁን የሚያወጣው እሱ ነው። እጅጌውን የሚፈታው እሱ ብቻ ነው፣ ማስኩን እንዳደረገ። ከመፍታቱ በፊት ጨርቁን ከነሆዱ ትልቅ ሳፋ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ሰጋቱራው እንደ ሊጥ ሆኖ ይወጣል እንጂ አይበንም። በበሩ ሥር እርጥብ ጆንያ ይወተፋል። እኔ ከውኃ ጋርም ያለ ውኃም በዚያ በር አላልፍም፤ ማሽኗ ስትነሳ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ስንት ወር ያባረርኳት ጣውንቴ ከገዛ ቤቴ አስወጥታኝ ቀረች።

አሁን መስቀሉ ሊያልቅ የሐረጉ ቀጫጭን ጫፎች ብቻ ቀርተውታል። ሥራው ግን ከድሮው የበለጠ ይዘገያል። ማሽኗ ትንሽ ትሄድና ትቆማለች። ከውስጥ «አለሽ?» ይለኛል። አለሁ እለዋለሁ። ትንሽ ትሄድና ትቆማለች። አለሽ? አለሁ። መጀመሪያ የሚፈልገው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ የሚያዳምጠው መልሴን አይደለም፣ ድምፄ ላይ ሳል ይኑር አይኑር ነው። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ በጋውን ሙሉ እንዲህ ነው ያዳመጥኩት።

አንዳንዴ ሆን ብዬ ዝም እላለሁ። ያኔ ማሽኗን እንዴት እንደሚያስቀምጣት አላውቅም፤ ጆንያውን በእግሩ ገፍትሮ፣ በሩን በርግዶ፣ ማስኩ ፊቱ ላይ ተጣሞ፣ ቅንድቡ ብናኝ ለብሶ ይወጣል። እኔ ሳየው ሳቄን መግታት አልችልም። እሱ ግን አይስቅም።